ጠጥቶ በማሽከርከር የተከሰሰ ወንድሜ፦ ምን ይጠብቀዋል? በምንስ ሊከላከል ይችላል?

የበኩር ልጅ (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሕግ የምታውቁ ወይም በራሳችሁ ላይ የደረሰ ካለ እንድትመክሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአንድ ወር በፊት ታናሽ ወንድሜ ከዘመድ ሠርግ ሲመለስ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከፍራንኮ ወደ ፖስታ ቤት በሚያመጣው መንገድ ላይ ከባጃጅ ጋር ተጋጨ። የባጃጁ ሹፌር ቀኝ እግሩ ተሰብሯል፤ ተሳፋሪዋ ግንባሯን ተሰፍታ በማግስቱ ወደ ቤቷ ተመልሳለች። ወንድሜ አልሸሸም፤ ያገኘውን መኪና አስቁሞ ሁለቱንም ሆስፒታል አድርሷቸዋል። ትራፊክ ፖሊሱ እዚያው ደርሶ አፉ መጠጥ እንደሚሸት መዘገበና ደሙ እንዲመረመር ጠየቀ፤ ደሙ የተቀዳው ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ውጤቱ በአንድ ሊትር ደም 0.7 ግራም አልኮል ይላል። ወንድሜ ሁለት ብርሌ ጠጅና አንድ ቢራ መጠጣቱን ለእኔ አልደበቀኝም።

መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የባጃጁ ሹፌር ገና ቀዶ ሕክምና ላይ ስለነበር ዋስትና ተከለከለ፤ ሐኪሙ ለሕይወቱ እንደማያሰጋው ከጻፈ በኋላ በዋስ ወጣ። አሁን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559/2 ተከሷል። ክሱ የተጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ እሱ ቋንቋውን እንደ ሰፈሩ ልጅ ይናገራል እንጂ በቁቤ የተጻፈ የሕግ ጽሑፍ አንብቦ በቅጡ አይረዳም።

ቤተሰቡ በሁለት ሐሳብ ተከፍሏል። አጎታችን «አምኖ ይቅርታ ይጠይቅ፣ በመቀጮ ያልቃል» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ የሕጉ ልክ 0.8 ስለሆነ 0.7 የተገኘበት ሰው ነፃ ነው ብለው ይከራከራሉ። መኪናው በእናታችን ስም ነው፤ እሷም ከዚያች ሌሊት ወዲህ እንቅልፍ የላትም።

ጠበቃ (አዳማ)

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ ሰው ባለመሞቱም ፈጣሪን አመስግኑ። ዋስትናው የተከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1954 የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 63 ዋስትናን የሚፈቅደው ወንጀሉ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ሲሆንና ተጎጂው የማይሞት መሆኑ ሲታወቅ ነው። ስለዚህ የሐኪሙ ወረቀት ነገሩን ለወጠው።

አሁን ቤተሰቡ ያደባለቃቸውን ሁለት ነገሮች እንለያይ። 0.8 ግራም የሚለው በደንብ ቁጥር 208/2003 የተቀመጠ ልክ ሲሆን የትራፊክ ደንብ መተላለፍን የሚመለከት ነው። ይህ ደንብ ከዚያ ወዲህ ስለተሻሻለ፣ የደንብ ክስ ካለባችሁ በክሱ ላይ የተጠቀሰውን የደንብ ቁጥርና ዓመት አንብቡ፤ የሚሠራው አደጋው በደረሰበት ቀን የጸናው ሕግ ነው፤ በኋላ የወጣው ለተከሳሹ የሚሻለው ከሆነ ደግሞ እሱ ይሠራለታል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 የሚለው ይህንኑ ነው። አንቀጽ 559 ግን ስለ ደም ምርመራ አንድም ቃል የለውም። የሚጠይቀው ሰውየው በቸልተኝነት የሌላውን አካል መጉዳቱን ነው። 0.3 የተገኘበትም፣ ጭራሹን ያልጠጣም ሰው በዚህ አንቀጽ ሊቀጣ ይችላል። በተቃራኒውም 1.5 የተገኘበት ሰው ግጭቱን ያመጣው ሌላው ወገን መሆኑ ከተረጋገጠ በደንቡ ይቀጣል እንጂ ለአካል ጉዳቱ ተጠያቂ አይሆንም። ምክንያቱም የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 24 በድርጊቱና በጉዳቱ መካከል የምክንያትና ውጤት ግንኙነት እንዲኖር ይጠይቃል፤ በአንቀጽ 59 ደግሞ ቸልተኝነት ምን እንደሆነ ይተረጉማል። ዐቃቤ ሕግ ሁለቱንም ማስረዳት አለበት። መጠጡ ማስረጃውን ያከብዳል፤ ብቻውን ግን ክሱን አያጸናም።

ቅጣቱን በተመለከተ፣ 559/1 እስከ 6 ወር ቀላል እስራት ወይም እስከ 1,000 ብር መቀጮ ነው። 559/2 የሌላውን ሕይወት፣ ጤና ወይም ደኅንነት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበትን፣ ለምሳሌ ሐኪምን ወይም አሽከርካሪን ይመለከታል፤ ቅጣቱም ከ6 ወር የማያንስ ቀላል እስራት እና ከ1,000 ብር የማያንስ መቀጮ ነው። «እና» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ፤ አጎታችሁ «በመቀጮ ያልቃል» ያሉት በንዑስ አንቀጽ 1 ቢሆን ኖሮ ያስኬድ ነበር። የግል መኪናውን የሚነዳ ሰው የሙያ ግዴታ አለበት ወይስ የለበትም የሚለው እውነተኛ የሕግ ክርክር ነው። እኔ ባየኋቸው መዝገቦች ዐቃቤ ሕጉ ማንኛውንም ባለ መንጃ ፈቃድ በ559/2 ነው የሚከሰው፤ ሆኖም ክርክሩን ተከሳሹ ቃሉን ከመስጠቱ በፊት በመቃወሚያ ማንሣት ይገባል፤ ያላነሣ ሰው በኋላ «ለምን አልተባለልኝም» ሊል አይችልም።

ስለ ቋንቋው፦ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20/7 መሠረት ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ የማይረዳ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ያገኛል። ለገበያ የሚበቃ ቋንቋ ለችሎት አይበቃም፤ ስለዚህ በአፍረት «እሰማለሁ» እንዳይል።

ሰፈርተኛ

ለምን ይህ ሁሉ ጣጣ? መኪናውን ይነዳ የነበረው ሌላ ያልጠጣ ዘመድ ነበር ብሎ አንድ ሰው ቃሉን ቢሰጥ ጉዳዩ በቀላሉ ያልቅ ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ አድርጎ ተርፏል።

ጠበቃ (አዳማ)

ይህን ምክር ማንም እንዳይከተለው አጥብቄ እለምናለሁ። ፍትሕን ማሳሳትና በሐሰት መመስከር ራሳቸውን የቻሉ ወንጀሎች ናቸው፤ አንድ ተከሳሽ የነበረበት ቤት ሁለት፣ ሦስት ተከሳሽ ይኖርበታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህ ልጅ ተጎጂዎቹን አንሥቶ ሆስፒታል ማድረሱ በእጁ ያለ ትልቁ ነገር ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ተጎጂን መርዳትን፣ ጥፋትን ማመንንና ጉዳትን መካስን ከቅጣት ማቅለያዎች ይቆጥራቸዋል፤ በውሸት የጀመረ ሰው እነዚህን ሁሉ በገዛ እጁ ይጥላቸዋል።

የላብራቶሪ ባለሙያ

ስለ 0.7 የተባለውን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ይህ ቁጥር ቤተሰቡ እንደሚያስበው ሁሉ ቀላል አይደለም።

ደሙ የተቀዳው ከግጭቱ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። መጠጡ ሙሉ በሙሉ ወደ ደም ከገባ በኋላ የሰው አካል በአማካይ በሰዓት 0.15 ግራም በሊትር ያህል ያስወግዳል፤ ከሰው ሰው ቢለያይም ብዙውን ጊዜ በ0.1 እና በ0.2 መካከል ይሆናል። በዚህ ሒሳብ ወደ ኋላ ከተቆጠረ በግጭቱ ሰዓት የነበረው መጠን ከ0.95 እስከ 1.2 ሊደርስ ይችላል። «ከልኩ በታች ነው» ብላችሁ ያነሣችሁት ማስረጃ በዐቃቤ ሕግ እጅ ሊገለበጥባችሁ ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ የመጨረሻውን ብርሌ የጠጣው ከሠርጉ ሊወጣ ሲል ከሆነና ሆዱም በምግብ የተሞላ ከነበረ፣ በግጭቱ ጊዜ አልኮሉ ገና ወደ ደሙ እየገባ ስለነበር መጠኑ ከ0.7 ያነሰ ሊሆንም ይችላል። ስለዚህ መቼ እንደጠጣና መቼ እንደበላ የሚያውቅ ምስክር ከቁጥሩ እኩል ዋጋ አለው። የጠጅ ነገር ደግሞ የታወቀ ነው፤ ጥንካሬው ከቤት ቤት ስለሚለያይ «ሁለት ብርሌ» ብሎ መጠን ማስላት አይቻልም።

የናሙናውን ወረቀት ስታገኙ ቢያንስ ሦስት ነገር እዩ። ደሙ የተቀዳበት ሰዓት በብልቃጡ መለያና በመጠየቂያ ቅጹ ላይ አንድ ዓይነት ነው ወይ? ክንዱ የተጠረገው በአልኮል ነው ወይስ በሌላ ማጽጃ? የተመረመረው ሙሉ ደም ነው ወይስ ከደሙ የተለየው ፈሳሽ፣ ማለትም ሴረም? በሴረም የሚገኘው ቁጥር ከሙሉ ደሙ ከአሥር በመቶ በላይ ከፍ ይላል፤ የሕጉ ልክ ግን የደም ነው። ናሙናው ቀናት ቆይቶ ከተመረመረም እንዳይብላላ የሚጠብቅ ነገር መጨመሩ መጠየቅ አለበት። እኔ የምሠራበት ቦታ አንድ ቀን ሰዓት ያልተጻፈበት ብልቃጥ መጥቶ ማንም የተቀዳበትን ጊዜ ሊነግረን አልቻለም፤ የዚያ ሰው ጉዳይ ምን ላይ እንደወደቀ ባላውቅም እስከ ዛሬ ያሳስበኛል።

ጠበቃ (አዳማ)

እጅግ ጠቃሚ ማብራሪያ ነው፤ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ወደ ኋላ የመቁጠሩን ሒሳብ ዳኛው በራሳቸው አይሠሩትም። ዐቃቤ ሕግ ይህን ማለት ከፈለገ ባለሙያ አቅርቦ ማስመስከር አለበት፤ ያ ባለሙያም በእኛ መስቀለኛ ጥያቄ ይጠየቃል።

ጡረተኛ ትራፊክ ፖሊስ

ለብዙ ዓመታት በአዳማና በሞጆ መካከል የአደጋ ፕላን ሳነሣ ኖሬአለሁ። ከደም ውጤቱ ይልቅ ፕላኑን ፈልጉ እላለሁ። በፕላኑ ላይ የመንገዱ ስፋት፣ የግጭት ነጥቡ፣ የፍሬን ምልክት ርዝመት፣ የመስታወት ስብርባሪ የወደቀበት ቦታና ተሽከርካሪዎቹ የቆሙበት ሁኔታ ይሰፍራሉ፤ ሁሉም ከማይነቃነቅ ነገር፣ ለምሳሌ ከመብራት ምሰሶ፣ በሜትር ይለካሉ። የግጭት ነጥቡ ከመሐል መስመሩ በየትኛው ወገን ነው? ለዚህች አንዲት ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ክርክር ይጨርሰዋል። ስብርባሪና ከጎማ ሥር የረገፈ አፈር አይዋሹም፤ መኪናዎቹ ከተነሡ በኋላ እንኳ ቦታውን ይናገራሉ።

ባጃጁ መብራት አብርቶ ነበር ወይ የሚለውም መጣራት አለበት። የተሽከርካሪዎቹ የቴክኒክ ምርመራ ውጤት ከመዝገቡ ጋር መያያዝ ስላለበት ፍሬኑና መብራቱ ምን እንደተባለ አንብቡ። ፕላኑ የተነሣው ወንድምህ ሆስፒታል ሳለ ከሆነ እሱ በሌለበት ነው ማለት ነው፤ ይህ ፕላኑን ውድቅ አያደርገውም፤ ነገር ግን በቦታው የነበሩት ታዛቢዎች እነማን እንደሆኑ ማወቅ ያስፈልጋል።

ደስ የማይል ነገርም ልንገርህ። የፍሬን ምልክት ፈጽሞ ከሌለ፣ በተለይ ሲያዝ ጎማው መንገድ ላይ ምልክት የሚተው አሮጌ መኪና ከሆነ፣ አሽከርካሪው ከፊቱ ያለውን ሳያይ አልቀረም። ሲጠጣ መጀመሪያ የሚዘገየው እግር ነው።

የጅቡቲ መስመር ሹፌር

ይህን የምጽፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከዓመታት በፊት መኪናዬን አቁሜ ምሳ ከበላሁበት ቤት አረቄ ቀምሼ ተነሣሁ፤ ከአዳማ ብዙም ሳልርቅ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ገጨሁ፤ ሰውየው ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። ጣቢያ ስገባ የመጀመሪያ ቃሌን ስሰጥ «ሰክሬ ስለነበር አላየሁትም» አልኩ። ስካሩ የሚያቀልልኝ መስሎኝ ነበር። መርማሪው ቃሌን እንዳለ ጻፈው፤ እኔም ፈረምኩበት።

ያ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው አንቀጽ 543/3ን ያመጣብኝ። በቸልተኝነት ሰው የገደለ አሽከርካሪ በ543/2 ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ይቀጣ ነበር፤ አልኮል ጠጥቶ ራሱን ኃላፊነት በማይሰማው ሁኔታ ውስጥ አድርጎ የገደለ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ጠበቃዬ በኋላ እንዳስረዳኝ አንቀጽ 50 በገዛ ጥፋቱ የሰከረን ሰው «አላውቅም ነበር» ብሎ ከኃላፊነት እንዲያመልጥ አይፈቅድም። የመናገር ግዴታ እንደሌለብኝ፣ ዝም ማለት መብቴ እንደሆነ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ጽፎልኝ ነበር፤ እኔ ግን አላውቅም ነበር።

ቤተሰቦቼ ሽማግሌ ልከው በኦሮሞ ባህል መሠረት ጉማ፣ ማለትም የደም ካሣ፣ ተከፍሎ ደሙ ደረቀ። የሟች ወንድም እጄን ሲይዘኝ መሬት መሬት ነበር የማየው። እርቁ ክሱን አላቋረጠውም፤ ቅጣቱን ግን አቅልሎልኛል፤ ከእስር ስወጣም በሰላም ወደ ሰፈሬ እንድገባ ያደረገኝ እሱ ነው። ወንድምህ እስካሁን ቃሉን ምን ብሎ እንደሰጠ ዛሬውኑ ጠይቀው።

የተጎጂ እህት (ሐዋሳ)

እኔ በሌላው ወገን ያለሁ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ሐዋሳ ላይ ሞተር ብስክሌት ሲነዳ በጠጣ አሽከርካሪ ተገጭቶ አሁን በክራንች ይሄዳል። የተከሳሽ መብት መጠበቁን አልቃወምም፤ ነገር ግን እናንተ ስለ ግጭት ነጥብና ስለ ብልቃጥ ስትነጋገሩ በዚያው ሰዓት አንድ ሰው እግሩ በብረት ተይዞ አልጋ ላይ እንደተኛ አስቡ።

የገጨው ሰው ቤተሰቦች ወደ እኛ የመጡት በሁለተኛው ሳምንት ነበር፤ ዘንቢል ሙሉ ብርቱካንና ተጽፎ ያለቀ የእርቅ ወረቀት ይዘው። ወረቀቱ ላይ «ክስ የለንም» ይል ነበር፤ እናቴ ማንበብ አትችልምና ጣቷን ቀለም ላይ ሊያስነክሯት ሲሉ ነው የደረስኩት። ብርቱካኑን አልበላነውም። ሂዱና ጠይቁት፣ ሕክምናውን እርዱት፣ የሥራውን ቀን ቁጠሩለት፤ ወረቀት ግን በመጀመሪያው ቀን ይዛችሁ አትሂዱ።

የመድን ሠራተኛ

ስለ እናትህ ባጭሩ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ የሚነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ እሷ ምንም ጥፋት ባይኖርባትም። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የግዴታ ነው፤ የሚከፍለው ግን ጣሪያ አለው፤ አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው የአካል ጉዳት ጣሪያው 40,000 ብር ነበር። ከጣሪያው በላይ ያለውን ተጎጂው ከመኪናው ባለቤት፣ ከእናትህ፣ ሊጠይቅ ይችላል። የራሷን መኪና የሚሸፍን ሙሉ መድን ካላትም ውሉን አንብቡ፤ በእንዲህ ያሉ ውሎች ውስጥ በመጠጥ ለደረሰ ጉዳት አንከፍልም የሚል ቃል መኖሩ የተለመደ ነው። አደጋውን ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ አሳውቁ፤ መዘግየት ሌላ ክርክር ያመጣል። ወንድምህ በወንጀል ነፃ ቢወጣ እንኳ አንቀጽ 2149 የካሣ ችሎቱ በዚያ ውሳኔ እንደማይገደድ ይናገራል።

የበኩር ልጅ (አዳማ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከአሥር ቀን በኋላ ነው የተመለስኩት።

የመዝገቡን ግልባጭ አገኘን። ወንድሜ ለፖሊስ ቃሉን ሲሰጥ መጠጣቱን አምኗል፤ «አላየሁትም» ግን አላለም። የደሙ ሰዓት በሁለቱም ወረቀቶች ላይ አንድ ነው። ፕላኑን ከጠበቃ ጋር ሆነን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አየነው፤ የግጭት ነጥቡ ከመሐል መስመሩ 90 ሳንቲ ሜትር አልፎ በባጃጁ ወገን ነው። የፍሬን ምልክት የለም። የባጃጁ መብራት ይሠራ እንደነበር የቴክኒክ ምርመራው ይናገራል። ወንድሜ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ሲያይ ቆይቶ «መንገዱ የእሱ ነበር» አለ፤ ከዚያ ሌላ ቃል አልተናገረም።

ከእናታችን ጋር ሆነን የባጃጁን ሹፌር ጠየቅነው፤ ወረቀት አልያዝንም። የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ባጃጁ የሰው ስለሆነ በየቀኑ ለባለቤቱ ገቢ ማድረግ ይጠበቅበታል። እስኪድን ድረስ የቤት ኪራዩንና የሕክምናውን ወጪ እንድንሸፍን ተስማምተናል። ወንድሜ ጥፋቱን ማመን ይፈልጋል። እንዲህ ካደረገ የ559/1 ክርክር ይቀርበታል ወይ?

ጠበቃ (አዳማ)

አይቀርበትም፤ ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት። መጀመሪያ መቃወሚያው በጽሑፍ ይቅረብና ብይን ይሰጥበት፤ ከዚያ በኋላ ነው የእምነት ክህደት ቃሉን የሚሰጠው። ሲያምንም በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 134 መሠረት ሙሉ በሙሉ መሆን አለበት፤ «አዎ፣ ነገር ግን…» ብሎ ከጀመረ ፍርድ ቤቱ እንደ ክህደት ይመዘግበዋል።

ከተፈረደበት በኋላ የቅጣት አስተያየት ስትጠየቁ ባዶ እጃችሁን አትቁሙ። ተጎጂዎቹን ሆስፒታል ያደረሰበትን የሚመሰክር ሰው፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ፣ ከዚህ በፊት ያልተቀጣ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አቅርቡ፤ እያንዳንዱ ማቅለያ ቅጣቱ የሚወድቅበትን እርከን፣ ማለትም የቅጣት ደረጃ፣ ይቀንሳል። እስራት ከተወሰነም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 192 መሠረት ቅጣቱ እንዲገደብ ጠይቁ፤ የገደቡ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ነው፤ በዚያ ውስጥ ሌላ ጥፋት ከተገኘበት የተገደበው ይፈጸምበታል። በውሳኔው ካልረካችሁ የይግባኝ ማስታወቂያው በ15 ቀን ውስጥ፣ የይግባኝ ቅሬታው የፍርዱ ግልባጭ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ይግባ። አስተርጓሚውን ደግሞ ከቀጠሮው ቀን አስቀድማችሁ በማመልከቻ ጠይቁ፤ በዕለቱ ከጠየቃችሁ ቀጠሮው ይራዘማል።